ቁጥብ ሚናር ላይ ያልተቀዳው ውሃ

ማይሶር፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1986

ለተከበሩ ብሪጅ ኪሾር ማቱር
ዴልሂ

«ዴልሂን እንደ አቅማችን አሳይተንዎታል፤ ቤታችንን ግን ለሌላ ጊዜ ይተዉልን።»

ይህ ቃል የእኔ አይደለም፤ የእርስዎ ነው። ባቡሩ ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮት ያቀበሉን የጣፋጭ ካርቶን ላይ በተለጠፈች ብጣሽ ወረቀት፣ በራስዎ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ቃል አልጨመርኩም፣ ቃል አልቀነስኩም። ከዴልሂ እስከ ማይሶር ባለው መንገድ ሁሉ ባለቤቴ ሻራዳ ጣፋጩን በላች፤ እኔ ዓረፍተ ነገሩን በላሁ። የእሷ ተፈጭቷል። የእኔ እስካሁን አልተፈጨም።

የሚገባውን ምስጋና የማልነፍግ ሰው ነኝና አስቀድሜ ላመስግን። ጣቢያ ድረስ መጥተው ተቀብለውናል፤ ሻንጣችንን ከእጄ ነጥቀው ተሸክመዋል። ቀዩ ምሽግ ውስጥ እንደ ልጅ ከአዳራሽ አዳራሽ ሲሮጡ ከኋላዎ ለመድረስ ትንፋሼ ተቆርጦ ነበር። የሁማዩን መቃብር ላይ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ያየሁትን ቀይ ድንጋይ እስክሞት አልረሳውም። የባቡር ሙዚየሙ ግን በዝቷል። የባቡር መሥሪያ ቤት ጡረተኛ መሆንዎን ባልጠላም፣ እያንዳንዱን የእንፋሎት ባቡር በስሙ እየጠሩ ሲያስተዋውቁኝ ዘመድዎን የሚያስተዋውቁኝ ነበር የሚመስለው። ዘመዶችዎን ላስተዋውቅ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ዴልሂ የመጣነው ለጉብኝት ነው ብለናል። እርስዎም እንደ ጎብኚ ተቀበሉን። ነገር ግን የሴት ልጅ አባት በሃምሳ አራት ዓመቱ ድንገት የነገሥታት መቃብር አያምረውም። ልጄ ማላቲና ልጅዎ ናሊን ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ተዋውቀዋል፤ ሊጋቡ ይፈልጋሉ፤ እኛም ልጃችን የምትገባበትን ቤት ልናይ መጣን። ይህን እርስዎ ያውቃሉ። እንደሚያውቁም አውቃለሁ።

ታዲያ በመጨረሻው ቀን የብስክሌት ጋሪው ሰፈርዎ አፋፍ ደረሰ። «ያቺ አረንጓዴ በር የእኛ ናት» አሉን በጣትዎ እያሳዩ። ሻራዳ ሳሪዋን አስተካከለች። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር መፍታት ጀመርኩ። ይኼኔ ለባለጋሪው «ዙር ወንድሜ፣ በመስጊዱ በኩል!» አሉት። ሰውየው ራሱ ገርሞት «ባቡጂ፣ ጌታዬ፣ ቤትዎ እኮ እዚሁ ነው! ረሱት እንዴ?» ሲል «አንተ ፔዳልህን ምታ» ብለው ዝም አሰኙት። እኔም በተፈታ የጫማ ክር ጃማ መስጊድን ጎበኘሁ። እዚያ ለማንኛውም ጫማ ስለሚወለቅ ልፋቴ በከንቱ አልቀረም።

የስንት ንጉሥ ደጅ ስታስረግጡን ሰነበታችሁ፤ የእናንተን ደጃፍ ግን አልረገጥንም። ልጄን ካልፈለጋችኋት በግልጽ ይነገረኝ። ደቡቦች በመሆናችን አንሰን ከታየንም ይነገረኝ። ልጄ በተንጠለጠለ ነገር ላይ ልቧን ሰቅላ እንድትቀመጥ አልፈቅድም። መልስዎን እስከ ዲሴምበር 1 ቀን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ስልክ አይሆንም፤ በስልክ ይቀልዱብኛል።

ናራሲምሃ ሙርቲ
የውሃ ምህንድስና ፕሮፌሰር


ዴልሂ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 1986

ክቡር ፕሮፌሰር ናራሲምሃ ጂ፣

ቁጣዎ በሰላም ደርሶኛል። ፖስታችን ብዙ ጊዜ ነገር ያዘገያል፤ የእርስዎ ደብዳቤ ግን ገና ትኩሱን፣ ሳይበርድ ነው የገባው። ባለቤቴ ሳቪትሪ ፖስታውን ስትቀበል «ይኼ ነገር እጅ ያቃጥላል» ብላ ለእኔ አሳለፈችው።

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የቁጥብ ሚናርን ማማ ቅጥር ሲዞሩ እግርዎን ሲጎትቱ አይቼ አዝኜ ነበር። የወይዘሮ ሻራዳ ጂ ሻርፕ ተገኝቷል። ባለጋሪው ራሱ አጥቦ፣ አጣጥፎ አመጣውና «ያ የተቆጡት ጌታ በሰላም ገቡ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰፈሩ ሁሉ ስለ እርስዎ ይጠይቃል። ያንን በቅቤ የተጠበሰ የፓራታ ቂጣ ያበላን ወፍራም ሰውዬ ሳይቀር «ሊጡ በዝቷል ያለኝ እንግዳህ ልክ ነበር» ይልዎታል።

እኔ ከቀዩ ምሽግ ግንብ ሥር ተወልጄ፣ ምሽጉ ውስጥ መጀመሪያ የገባሁት ከእርስዎ ጋር ነው። የዴልሂ ሰው ዴልሂን የሚያያት እንግዳ ሲመጣበት ብቻ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ «ነገ እገባለሁ» እያልኩ ፀጉሬ ሸበተ። ስለዚህ ሮጥኩ ብለው አይፍረዱብኝ።

ደብዳቤውን አስከትለው በላኩት ቴሌግራም ለጠየቁኝም መልሱ ይኸውልዎ። በቤታችን አእምሮው የታወከ ሰው የለም፤ ሳቪትሪ እኔን ካልቆጠረች በቀር። ጣሪያው አልፈረሰም። ለናሊን ሌላ ልጅ አላጨንም። የሚያሳፍር ዘመድም አልደበቅንም፤ የሚያሳፍሩን ዘመዶች በሙሉ ለዲዋሊ በዓል በአደባባይ መጥተው፣ በልተው፣ ተጣልተው ሄደዋል።

ስለ ቤታችን ግን ይቅርታ ከመለመን ሌላ የምለው የለኝም። ምክንያት አለ። ምክንያቱ እናንተን የሚያዋርድ አይደለም፤ በልጄ እምላለሁ። ነገር ግን የወንድ ልጅ አባት ነኝና ቀድሜ አፌን ልከፍትበት አይገባኝም። በእኛ ወግ መጀመሪያ የሚናገረው የሴቷ አባት ነው። እርስዎ አንድ ቃል ይናገሩ፤ እኔ ሺህ እመልሳለሁ።

እናቴ ሰላም ብላዎታለች። ዘጠናኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው፤ ጆሮዋ ከእኔ ይሻላል፤ ምላሷም እንደዚያው።

ትሑት አገልጋይዎ
ብሪጅ ኪሾር


ማይሶር፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1986

ለተከበሩ ብሪጅ ኪሾር ማቱር

መልስዎ በቀኑ ስለደረሰ አመሰግናለሁ። የምስጋናው ክፍል እዚህ ላይ ያበቃል።

ሻርፑ በመገኘቱ ሻራዳ ተደስታለች። ጉልበቴ ደህና ነው። ስለ ሊጡም ልክ ነበርኩ፤ ፓራታው ግን መጥፎ አልነበረም፤ ይህን ለሰውየው ሊነግሩት ይችላሉ።

አሁን ወደ ነገሩ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤ ያገኘሁት ይቅርታና ቀልድ ብቻ ነው። እንዲያውም አንድ ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ቁጥብ ሚናር ሥር ሣሩ ላይ ተቀምጠን ሳለ ባለቤትዎ ከቦርሳቸው ፔርሙዝ አውጥተው ውሃ ጠጡ። ልጅዎ ናሊን ጠጣ። እርስዎም ጠጡ። የሻራዳ ከንፈር ደርቆ ይታያችሁ ነበር። ባለቤትዎ አዩአት፤ ፔርሙዙን አዩት፤ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ። ከዚያ ክዳኑን አጥብቀው ዘጉና ውሃ ሻጩን ጠሩላት! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ከወንዝ ወደ ሰው ጉሮሮ እንዴት እንደሚደርስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከክንድ ባነሰ ርቀት ላይ እንደዚያ የተገደበ ውሃ በሕይወቴ አላየሁም። ይህንንም ይቅርታ ይሉታል?

ማላቲን ጠራኋት።

«እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው አባዬ።»

«ጥሩ ሰው ቤቱን ይደብቃል?»

«እኔ እኮ ገብቼ አይቼዋለሁ። ግቢ አላቸው፣ አያትየው አሉ…»

«አንቺ ገብተሽ እኔ የማልገባበት ምክንያት ምንድን ነው?»

«እኔ አልቆጣማ!»

ሻራዳ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። በገዛ ቤቴ ሁለት ለአንድ ሆነውብኛል። ማላቲን «ናሊንን ጠይቂው» ብላት «ጠየቅኩት፤ አባባ ከልክለውኛል ነው የሚለው» አለች።

ይህችው እየሳቀች የመለሰችልኝ ልጅ ግን ጠዋት ጠዋት ፖስተኛው ሳይመጣ በር ላይ ቆማ አገኛታለሁ። ማህተሙ የዴልሂ ካልሆነ እንደ ተነፈሰ ጎማ ተመልሳ ትገባለች። እኔ እንዳላየ ጋዜጣ አነባለሁ። አንድ ቀን ጋዜጣውን ገልብጬ መያዜን ሻራዳ ነግራኛለች።

ኮከብ ቆጣሪያችን ለሠርግ መልካም ነው ያለው ቀን ፌብሩዋሪ 12 ነው። እርስዎ የሚጠብቁት «አንድ ቃል» ምን እንደሆነ እንቆቅልሽ ስፈታ ጊዜ አላጠፋም። የምገምተው ቃል ከሆነ ይኸው፦ ልጄን ማላቲን ለልጅዎ ለናሊን ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ መሆኑ ይታወቅልኝ። ቁጣዬ ግን ቃሉን አያሳንሰውም።

እምቢም ካላችሁ እሺም ካላችሁ፣ ከነምክንያቱ፣ እስከ ዲሴምበር 17 ቀን በጽሑፍ።

ናራሲምሃ ሙርቲ


ዴልሂ፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1986

ሳምዲ! ሳምዲ! ሳምዲ!

ይቅርታ፤ ቃሉ በደቡብ ላይታወቅ ይችላል። በእኛ ዘንድ የሙሽራውና የሙሽሪቷ አባቶች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ነው። ከንፈሬ ላይ ስንት ጊዜ መጥቶ እንደዋጥኩት ቢያውቁ ያዝኑልኝ ነበር። ባቡር ጣቢያ ሻንጣዎን ስነጥቅዎት ሊያመልጠኝ ነበር። ሁማዩን መቃብር ላይ አጠገቤ ቆመው ዝም ሲሉ ሊያመልጠኝ ነበር። ደብዳቤዎ ሲደርስ ሳቪትሪ ጮክ ብላ አነበበችው። «ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ መሆኑ» ከሚለው ላይ ስትደርስ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበርና የቀረውን እኔ ጨረስኩት። ናሊን ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ሰገነት ላይ ወጥቶ ለጎረቤት ለፈፈ። እሱን አፉን እንዲይዝ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ አይቀየሙት።

አሁን አፌ ተፈቷልና ልናገር።

በእኛ ቤት ወግ፣ የልጅቷ አባትና እናት ልጃቸው በገባችበት ቤት እህል አይቀምሱም፤ ውሃም ቢሆን አይጠጡም። ልጅን ያህል ነገር የሰጠ ሰው ከሰጠበት ቤት መልሶ ምን ይቀበላል? ሰጪ ነው፤ እጁ ከላይ ነው። ታዲያ ይህ የሚጀምረው ከሠርግ በኋላ ነው ይሉኝ ይሆናል። እናቴ ግን እንደዚያ አትቆጥርም። የእሷ ቀን የሚቆጠረው ልጅቷን በልቧ ከተቀበለችበት ዕለት ጀምሮ ነው።

እናቴ ማላቲን የተቀበለቻት ያለፈው ክረምት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር አሮጌ ቤታችንን ሊያዩ የመጡ ቀን። ሌሎቹ የእንጨት ቅርጻ ቅርጹን ሲያደንቁ የእርስዎ ልጅ ግቢያችን መሃል ካለው ቅዱስ የቱልሲ ተክል ሥር ቁጢጥ አለች። አፈሩን ነካ አደረገችና «እማማ፣ ውሃ እያበዙበት ነው፤ ሥሩ ታፍኗል» አለቻት። በዚህ ቤት እናቴን ቀና ብሎ የሚናገር ሰው የለም። እናቴ አየቻትና «የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት። ማላቲም «የተቆጪ ሰው» ብላ መለሰች። ተክሉ አንሰራራ። እናቴም «ይቺ የእኛ ናት፤ እስኪሰጡን ዝም ብላችሁ ጠብቁ» አለች። ናሊን ልጅቷን እንደሚወዳት እንኳ እኛ ያወቅነው ከእሱ ቀድመን ይመስለኛል።

እናም እናንተ ስትመጡ ለእኛ ጎብኚ አልነበራችሁም፤ ሳምዲ ነበራችሁ። ግን እርስዎ ሳይሰጡ «ተቀብለናል» ማለት ነውር ነው። ያን ዕለት የጋሪው ጎማ ሰፈራችን አፋፍ ላይ ሲደርስ እናቴ ከአረንጓዴው በር ኋላ ቆማለች። ቀድማ አስጠንቅቃኛለች፦ «ደጄን ከረገጡ ውሃ ሳልሰጥ አልሰድም። ከሰጠሁ ደግሞ ልጅቷ ባዳ ናት ማለት ነው። ከበሩ ላይ መልሳቸው!» ለባለጋሪው ያንን የጮኽኩት ለዚህ ነው። እርስዎ ጎንበስ ብለው ክር ሲፈቱ ልቤ ተቆረጠ።

ፔርሙዙ የቤታችን ውሃ ነበር። ሳቪትሪ ለሻራዳ ጂ ብትቀዳላት ልጃችሁን እንደመመለስ ነበር የምትቆጥረው። ማታ ቤት ገብታ «እህቴን በጥም አቃጠልኳት» እያለች እህል አልቀመሰችም።

እንደናቅንዎት የቆጠሩት ሁሉ ይኸው ነበር። ፌብሩዋሪ 12 ለእኛም ኮከብ ቆጣሪ መልካም ቀን ነው። የእኛው ኮከብን ሳይሆን የእናቴን ፊት የሚያነብ ሰው ነውና ነገሩ አልቋል።

ሳምዲዎ
ብሪጅ ኪሾር


ማይሶር፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1986

ለተከበሩ ብሪጅ ኪሾር ማቱር

ደብዳቤዎ ሲደርስ እኔ በር ላይ ነበርኩ። ማላቲ ዕቃ ታጥብ ነበርና ወደ ፖስተኛው ቀደምኳት። አነበብኩት፤ ቁጭ አልኩ፤ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ሻራዳን ጠራሁና አነበብኩላት። ፔርሙዙ ላይ ስደርስ «አይ እህቴ! እኔ እኮ ውሃው ጎድሎ መስሎኝ ነበር» አለች። ማላቲ እርጥብ እጇን እንኳ ሳትጠርግ ደብዳቤውን ስለነጠቀችኝ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ቀለም ፈሷል። አባቷ «ተቆጪ ሰው» መባሉን ግን ውሃው አላጠፋውም። ጠዋት ጠዋት ትዘፍን የነበረውን ዘፈን ከኖቬምበር ወዲህ አልሰማሁትም ነበር፤ ዛሬ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ድምፅዋ ያን ያህል ጥሩ አይደለም። ይህን ለናሊን አስቀድሞ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው።

ስለዚህ ሥጋቴ ሁሉ ትክክል አልነበረም። ቁጣዬ ግን ትክክል ነበር፤ ሳይነገረው ሁሉን እንዲያውቅ የተጠበቀ ሰው መቆጣት መብቱ ነው። ፍርድ ቤት ቢኬድ እረታለሁ።

ግን ክቡር ሆይ፣ ደስታው ሲበርድልኝ ሌላ ነገር ገባኝ።

በእኛ ማይሶር አባት ልጁ ቤት ሄዶ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ካላንኮራፋ ይታዘኑበታል። አያቴ እናቴ ቤት የሚቀመጥበት የታወቀ ጥግ ነበረው፤ ግድግዳው ላይ የራሱ ወዝ ቀርቶ ነበር። እኔም ማላቲ ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥግ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ኖርኩ። አሁን የምትነግሩኝ፣ እስክሞት ድረስ ዴልሂ ብመጣ የሁሉንም ንጉሥ አዳራሽ መግባት እንደምችል፣ ልጄ የምትኖርበትን ቤት ግን ከጋሪ ላይ ሆኜ በሩን ብቻ እንደማይ ነው። የምትተኛበት ክፍል መስኮቱ ወዴት እንደሚከፈት አላውቅም። ያቺን ቱልሲ አላይም። ከእጇ ውሃ አልጠጣም።

ወጋችሁ ክብር እንደሆነ ገብቶኛል። እጄ ከላይ መሆኑም ገብቶኛል። ነገር ግን ከላይ ያለ እጅ ሁልጊዜ ባዶውን ይመለሳል። እኔ ይህን ያህል መከበር አልፈልግም።

ውሃ የታገደበት ቦታ ሁሉ መውጫ አለው፤ መሐንዲስ ሥራው እሱን መፈለግ ነው። የቤታችሁን ወግ ግን የማውቀው እኔ አይደለሁም፤ እናንተ ናችሁ። እናትዎን ሳያስቀይሙ፣ እኔንም ሳያባርሩ መላ ይፈልጉ። መላውን እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። «ሳምዲ» የሚለውን ቃል እኔም የምጽፈው ያን ጊዜ ነው።

ናራሲምሃ ሙርቲ


ዴልሂ፣ ዲሴምበር 31 ቀን 1986

ሳምዲዬ (እርስዎ ባይሉኝም እኔ አልተውም)፣

ደብዳቤዎን ለእናቴ ሳነብላት «ከላይ ያለ እጅ ባዶውን ይመለሳል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞረች። የብርዱ ወራት ስለሆነ ፀሐይ ለመሞቅ ቀኑን ሁሉም ሰው ሰገነት ላይ ነው የሚውለው፤ ብርቱካን እየላጥን፣ እየተጯጯህን። የእኛ ሰገነትና የጎረቤታችን የሚርዛ ሳሂብ ሰገነት የሚለያዩት በአንዲት አጭር ግንብ ነው። ሚርዛ ሙስሊም ነው፣ እርግብ አርቢ፤ ጆሮው ደግሞ ሁልጊዜ በእኛ በኩል ነው።

«እማዬ፣ ሰውየው ልጁ ቤት ውሃ ሳይጠጣ መቀመጥስ ይችላል?» አልኳት።

«ጉሮሮው ደርቆ የሚቀመጥ እንግዳ እኔ ቤት? ከሞትኩ በኋላ!»

«እንግዲያው ይጠጣ።»

«እሱም ከሞትኩ በኋላ!»

«እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው እኮ የምትሞቺው።»

ይኼኔ ሚርዛ ከግንቡ ወዲያ አንገቱን ብቅ አደረገ። «እማማ፣ የእኔስ ቤት ውሃ?» አላት።

«የአንተ ውሃ ምን አገባኝ! ያንተ ቤት የእኔ ቤት አይደለም።»

«ተመስገን! ታዲያ እስከዛሬ እርግቦችህ ሰገነቴን አበላሹ እያሉ የጮኹብኝ በየትኛው ሰገነት ላይ ሆነው ነው?»

«በራሴ ሰገነት ላይ ነዋ! ይኸው ግንቡ!»

«ግንቡ ድንበር ነው በሉኛ።»

«ግንብ ድንበር ካልሆነ ምን ይሆናል፣ አንተ እርግባም!»

ሚርዛ ከእሱ በኩል፣ ግንቡ ሥር ምንጣፍ አነጠፈ። ትራስ አመጣ። ከዚያ ሻይ በትሪ ጭኖ አምጥቶ ትራሱ አጠገብ አስቀመጠ። እናቴ ምንጣፉን አየች፤ ግንቡን አየች፤ ወደ ታች ግቢያችንን አየች። ከሚርዛ ትራስ ላይ ሆኖ ያየ ሰው ግቢያችን በሙሉ ይታየዋል። ቱልሲው ይታየዋል። ለልጆቹ ያዘጋጀነው ክፍል መስኮቱ ወደዚያው በኩል ነው የሚከፈተው፤ ማላቲ ስታነብ የመብራቷን ብርሃን ያያሉ።

በመጨረሻ እናቴ «የሚርዛ ሻይ የሚርዛ ነው» አለች። በዚህ ቤት ከዚህ የበለጠ ፍርድ ተሰጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ መላው ይኸውልዎ። እርስዎና ሻራዳ ጂ በሚርዛ በር ይገባሉ፤ እሱ ቤት ያድራሉ፤ እሱ ቤት ይበላሉ። እኛ ከግንቡ ወዲህ፣ እናንተ ከግንቡ ወዲያ፣ ትከሻ ለትከሻ እንቀመጣለን። የሚርዛ ባለቤት፣ ሥጋ እንደማትበሉ ስለነገርናት፣ ለእናንተ ብቻ የሚሆን፣ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ማንቆርቆሪያና ድስት ለይታለች። ማላቲም ግንቡን ተሻግራ ከሚርዛ ማንቆርቆሪያ በገዛ እጇ ትቀዳልዎታለች። እናቴን ይህንንም ጠይቄያታለሁ። «እጇ የእኛ ነው፣ ውሃው የሚርዛ ነው» ብዬ ልከራከር ስጀምር «ሂድ ወዲያ፣ አባቷ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ጥግዎ ዝግጁ ነው። ግድግዳው ላይ ወዝዎ እስኪቀር ይምጡ።

ብሪጅ ኪሾር


ማይሶር፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1987

ለሳምዲዬ ለብሪጅ ኪሾር

ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ከላይ ተጽፏል። ሻራዳ ቃሉን ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ ልትነግርዎት ትፈልጋለች፤ ከልክያታለሁ።

በደብዳቤዎ ጀርባ ላይ ለጠየቁኝ ሁሉ መልስ። ሠርጉ በእኛ ቤት ፌብሩዋሪ 12 ቀን ጠዋት ነው። የሙሽራው ወገን የሚያርፍበት አዳራሽ ተይዟል። ፈረስ ይኑር ወይ ላሉት፣ በእኛ ሀገር ሙሽራ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ናሊን ፈረስ ካማረው ግን ከከተማው የሠርግ ፈረሶች በጣም ትሑቱን እከራይለታለሁ። እናትዎ ያን ያህል መንገድ በባቡር ሊመጡ መቁረጣቸውን ስሰማ ተነሥቼ ቆምኩ። የእኛ ቤት ለእሳቸው የምራት ቤት ነውና ውሃ የሚከለክል ወግ ካለ አሁኑኑ ይነገረኝ። ከሌለ የጓዳችንን ገንቦ ሁሉ ያጠጡልኝ።

በማርች መጨረሻ ላይ ወደ ዴልሂ እንመጣለን። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ለጉብኝት ነው እላለሁ። የጎደለኝ ብዙ ነው፤ የባቡር ሙዚየሙን እንኳ በሚገባ አላየሁትም። ይህን እንደ ቀልድ አይቁጠሩት፤ እዚያ ያሳዩኝን ትንሽ የተራራ ባቡር ሁለት ጊዜ በሕልሜ አይቻታለሁ። ባለጋሪው እንዲጠብቀን ያድርጉ። ከአረንጓዴው በር ፊት ስንደርስ «ዙር» ማለት የምፈልገው እኔ ነኝ፤ ወደ ሚርዛ በር። ፓራታ ቤቱም ሊጡን ያስተካክል።

ለሚርዛ ሳሂብ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሟቿ እናቴ በሕይወት ብትኖር እሱ ቤት ሻይ መጠጣቴን ስትሰማ ገላዬን አሥር ጊዜ ታስታጥበኝ ነበር። እኔ ግን የአንዱን ቤት ወግ ልጠብቅ የሌላውን ቤት ወግ እጥሳለሁ፤ ሂሳቡ ይገጥማል። እርግቦቹን ደግሞ ቢቻል ሻይ በምንጠጣበት ሰዓት ወደ ሌላ ሰማይ ይላካቸው።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ይህም ከባድ ነው። ደብዳቤዎ ላይ ግንቧን «አጭር» ብለው አልፈዋታል። አጭር ማለት ምን ማለት ነው? ለማን አጭር? ናሊን ደረጃ ሦስት ሦስቱን የሚዘል ልጅ ነው፤ ለእሱ ሁሉም ነገር አጭር ነው። ልጄ ግን ያን ግንብ የምትሻገረው በሳሪ፣ ከትኩስ ማንቆርቆሪያ ልትቀዳልኝ ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ በሆዷ ልጅ ይዛ ትሻገረዋለች። ዕድሜ ልኳን የምትሻገረውን ነገር በግምት አልቀበልም።

ስለዚህ ሜትር ይዘው ሰገነት ላይ ይውጡ። በእናንተም በሚርዛም በኩል ይለኩ፤ ሁለቱ ወለሎች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። የግንቡን ቁመትና ስፋት፣ የላዩ ሲሚንቶ የተሰነጠቀ መሆን አለመሆኑንም ጭምር፣ እስከ ጃንዋሪ 25 ቀን በጽሑፍ ያሳውቁኝ። ከጉልበቷ የሚበልጥ ከሆነ በሁለቱም በኩል የሚሠራ ደረጃ ነድፌ እልካለሁ፤ ከሠርጉ በፊት ተሠርቶ ማለቅ አለበት።

ሳምዲዎ
ናራሲምሃ ሙርቲ